ልጅ ያጣ ወዳጅ ርዳኝ ቢል ምን ይመለስለታል?

በዚህ ገጽ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ እንደ ዐቅማችን ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን ሰው በጕባኤ የማያወራውን፥ ነገር ግን በጓዳ ብዙ ዕንባ የሚፈስበትን አንድ ጕዳይ ለማንሣት ወደድን። ይኸውም ልጅ ያጣ ሰው የልብ ወዳጁን «ልጅ እንዳገኝ ርዳኝ» ብሎ የለመነው እንደ ሆነ፥ የተለመነው ሰው ምን ሊመልስለት ይገባል የሚለው ነው። ነገሩ የሚያሳፍር ነው ተብሎ ቢታለፍ የሚጐዳው ገና ያልተወለደ ሕፃን ስለ ሆነ፥ በጨዋ ቃል አስረድቶ መጻፍ ዝም ከማለት ይሻላል ብለን እናምናለን።

አሳባችን በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ አገር ላይ አቁመን እንመልከተው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል። አንደኛው በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጐንደር ይወስደዋል፤ ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ እስከ ወልድያ ይዘልቃል። ከወረታ በታች እስከ ጣና ዳር ተዘርግቶ የሚታየው የፎገራ ሜዳ ነው። የርብና የጕማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ያጥለቀልቁታል። ይህ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ በወተታቸው የታወቁት የፎገራ ከብቶች መሰማሪያ ነበረ፤ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሩዝ ስለ ገባበት የብዙ ሰው እንጀራ ሆኖአል።

በእንደዚህ ያለ አገር ልጅ የዓይን ማረፊያ ብቻ አይደለም። ሩዙን የሚያርም፥ ወፉን የሚጠብቅ፥ ከብቱን የሚያግድ፥ ወላጆቹም ሲያረጁ የሚጦር፥ በመጨረሻም መሬቱን ተረክቦ የአባቱን ስም የሚያስጠራ እርሱ ነው። «ወላድ በድባብ ትሂድ» የተባለው ስለዚህ ነው። ያልወለደችው ግን ድባቡ ቀርቶባት፥ ጎረቤት በተጣላት ቍጥር «በቅሎ» የሚል ስድብ ትሰማለች። ባልዋ ጤነኛ ይሁን አይሁን የሚመረምር ሳይኖር ጥፋቱ ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወድቃል፤ አንዳንዲቱም ወደ አባትዋ ቤት ትመለሳለች።

እንግዲህ በዚህ ሜዳ የሚኖሩ ሁለት ባልንጀሮች አሉ ብለን እናስብ። አብረው ከብት ያገዱ፥ በወንፈል የተረዳዱ፥ በአንድ ማኅበር የሚጠጡ ናቸው። አንደኛው ሦስት ልጆች አሉት፤ ሁለተኛው ካገባ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ልጅ አላየም። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ያ ልጅ የሌለው፥ «ወንድሜ፥ እኔና እኅትህ ብዙ ደከምን። ጕድለቱ ከእኔ ሳይሆን አይቀርም። ከባዕድ ይልቅ አንተ ትሻለኛለህና ርዳኝ፤ ነገሩ በሦስታችን መካከል ይቀራል» ይለዋል። አሳቡን ያሰብነው እኛ ብንሆንም፥ ልመናው በሰው ልጅ ዘንድ አዲስ አይደለም።

ልመናው በሌላ መልክም ይመጣል። ባል ያላገባች ወይም ከባልዋ የተለየች ሴት ዕድሜዬ እያለፈ ነው ብላ የምታምነውን ወንድ ጓደኛዋን ትለምነዋለች። ወይም ማኅፀንዋ ፍሬ ያልያዘላት ሴት እኅትዋን፥ «አንቺ ውለጂልኝ» ትላታለች። የኦሪት ዘፍጥረትን ታሪክ የሰማ ሁሉ ሣራ አጋርን ለአብርሃም፥ ራሔልም ባላን ለያዕቆብ እንደ ሰጡ ያውቃል። አጋር ልጅዋን ይዛ በምድረ በዳ እንደ ተንከራተተችም ያውቃል። ልጅ ለማግኘት የታሰበው ዘዴ ልጁ ከተወለደ በኋላ በቤቱ ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቀድሞ ያልመከረ ሰው፥ ፍጻሜው እንዲህ ይሆንበታል።

ስለዚህ ለተለመነው ሰው የመጀመሪያው ምክራችን ይህ ነው፤ አይሳቅ፥ አይቈጣ፥ ለሌላም ሰው አያውራ። እንዲህ ያለውን ነገር አውጥቶ የተናገረ ወንድ ክብሩን ሁሉ በወዳጁ እጅ አስቀምጦአል። ነገር ግን ስላዘነለት ብቻ ወዲያው እሺ አይበለው። ዕለቱን የተሰጠ እሺታ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ዕዳ ሊሆን ይችላልና፥ አስቀድሞ የሚከተሉትን ነገሮች አብረው ይመርምሩ።

አንደኛ፥ ጕድለቱ የማን እንደ ሆነና ሊድን የሚችል መሆኑ በሐኪም ታውቆአልን? ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ፅንስ ካልተገኘ መመርመር ይገባቸዋል፤ ሴቲቱ ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ከስድስት ወር በኋላ መሄድ ይሻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር ይደርስበታል ብሎአል። እንግዲህ ልጅ ማጣት የአንድ ቤት እርግማን ሳይሆን ብዙ ሰው የሚያገኘው ሕመም ነው። ምክንያቱም በሴቲቱ ብቻ አይደለም፤ ልጅ ካጡት ቤቶች በግማሹ ያህል የወንዱ ጕድለት ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጕድለት ጋር ተደርቦ ይገኛል። በጊዜው ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ የሴቲቱን የማኅፀን ቱቦ ይዘጋል፤ የወንዱንም የዘር መተላለፊያ ይጐዳል። ወንድ ካደገ በኋላ የያዘው ጆሮ ደግፍ ወደ ዘር ፍሬው ወርዶ ሊያደክመው ይችላል። በዘር ፍሬ ላይ ያሉ ደም ሥሮች ማበጥም እንዲሁ ይጐዳል። ከእነዚህም በመድኃኒት ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚረዱ አሉ።

የወንዱ ምርመራ ከሴቲቱ ምርመራ ይልቅ እጅግ ቀላል ነው፤ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ ማስታየት ብቻ ነው። ሆኖም ሚስት ከጠበል ወደ ጠበል፥ ከሐኪም ወደ ሐኪም ስትንከራተት ባል አንድ ቀን እንኳ ያልተመረመረበት ቤት ብዙ ነው። በደራ ወረዳ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍልውሃም ሆነ ወደ ሌላ ጠበል መሄድን እኛ አንነቅፍም፤ ተስፋ የሰው ስንቅ ነው። ነገር ግን ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ለመሄድ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይፈጅም።

ከፍ ያለ ሕክምና ቢያስፈልግም ዘመኑ እንደ ቀድሞው አይደለም። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን የተባለችው ሕፃን ተወለደች፤ የወላጆችዋ ዘር ከማኅፀን ውጭ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ተዋሕዶ ወደ እናትዋ ማኅፀን ተመልሶ የተወለደች የመጀመሪያዪቱ ሰው እርስዋ ናት። ለዚህ ሥራ የደከሙት ሮበርት ኤድዋርድስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም በ1992 በአውሮጳ አቈጣጠር በብራስልስ ከተማ የወንዱን አንዲት የዘር ሕዋስ መርጦ በእንቍላሉ ውስጥ በቀጭን መርፌ የሚያስገባው ሕክምና ፍሬ ሰጠ። በዚህም ምክንያት ዘሩ ጥቂት ነው የተባለ ወንድ የሌላ ሰው ርዳታ ሳይሻ የራሱን ልጅ ሊያገኝ የሚችልበት በር ተከፈተ። በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህን ሕክምና የሚሰጥ የመንግሥት ክፍል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቶአል። ሕክምናው ለሁሉ ይሰምራል ማለት አይደለም፤ ድካሙም ወጪውም አለው። ነገር ግን ሳይመረመሩ ወዳጅን መለመን፥ ምንጩ በጓሮ ሳለ ከሰው ጕድጓድ ለመቅዳት እንደ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፥ የሴቲቱ ፈቃድ ምንድን ነው? ሁለት ወንዶች በመንገድ ላይ የተስማሙበት ነገር በሦስተኛዪቱ ሰውነት ላይ የሚፈጸም ነው። ሚስት ባልዋ ለወዳጁ የሚያውሳት ዕቃ አይደለችም። ልጅ ባለመውለድዋ የተሰደበችና ከቤትዋ እንዳትወጣ የፈራች ሴት «እሺ» ብትል እንኳ፥ ያ እሺታ ከፈቃድ የመጣ ወይም ከፍርሃት የመጣ መሆኑን መለየት ይገባል። እንዲሁም የተለመነው ሰው ሚስት ካለችው እርስዋ ሳታውቅ ነገሩን መጀመር ክዳት ነው። ልጆቹም ያላወቁት ወንድም ወይም እኅት ሊወለድባቸው ነውና፥ ምክሩ የሁለት ሰዎች ምክር ሆኖ ሊቀር አይችልም። በአልጋ የሚፈጸም ከሆነማ፥ ስሙን ርዳታ ቢሉትም ሁለት ጋብቻ የሚያፈርስ መሆኑን ማንም ያውቀዋል።

ሦስተኛ፥ ጤና ነው። ሰው ወዳጁን ስላመነው ደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ኤች አይ ቪ፥ የጕበት በሽታና ሌሎችም በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች በመልክ አይታወቁም፤ አዲስ የተያዘ ሰውም ለጥቂት ሳምንታት በምርመራ ላይታይ ይችላል። ይህ ሥራ በሕግ በተፈቀደባቸው አገሮች ሐኪሞች የሰጪውን ዘር በበረዶ አቈይተው፥ ሰውየውን ከወራት በኋላ እንደ ገና መርምረው ነው የሚያውሉት። በስውር የሚደረገው ግን ይህ ጥበቃ ሁሉ የለበትም።

አራተኛውና በአገራችን እጅግ የሚከብደው የዘመድ ነገር ነው። በእኛ አገር ጋብቻ የሚፈጸመው ዘመድነት እስከ ሰባት ቤት ተቈጥሮ ነው። ሽማግሌዎች የልጁንና የልጅቱን አያት ቅድመ አያት እየጠሩ የሚቈጥሩት ወንድም እኅቱን እንዳያገባ ነው። እንግዲህ ከላይ ያሰብነው ልጅ ተወለደ እንበል። በስሙ የአንዱ ልጅ ነው፤ በደሙ ግን የሌላው። ከእውነተኛው አባቱ ሴት ልጅ ጋር በአንድ ሜዳ ያድጋል፥ በአንድ ትምህርት ቤት ይማራል፥ በአንድ ገበያ ይውላል። በሃያ ዓመቱ ሽማግሌ ልኮ ቢጠይቃት ምን ይባላል? ቈጣሪዎቹ ሽማግሌዎች ሰባቱን ቤት ቢቈጥሩ ምንም አያገኙም፤ ምክንያቱም የሚቈጥሩት የተጻፈውን ስም እንጂ የተሰወረውን አይደለም። ያን ጊዜ ሁለቱ አባቶች ወይ ዝም ብለው ትልቅ ጥፋት ሊፈጸም ነው፥ ወይ ምስጢሩን አውጥተው ሁለት ቤት ሊያፈርሱ ነው።

በፎገራ ያለ ገበሬ ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ በቅርብ ያውቀዋል። የከብት ማዳቀል ባለሙያ ወደ መንደሩ መጥቶ ላሙን ሲያስጠቃለት፥ የዘሩ መያዣ ቀጭን ብልቃጥ የኰርማው ቍጥር ተጽፎበታል፤ ባለሙያውም ቍጥሩን በመዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። ይህ የሚደረግበት አንዱ ምክንያት ጊደሪቱ ስታድግ ከገዛ አባትዋ ዘር እንዳትገናኝና ዘሩ እንዳይበላሽ ነው። ለጥጃ እንኳ አባቱ ተመዝግቦ የሚጠበቅለት ከሆነ፥ ለሰው ልጅ አባቱን ሰውሮ ማስቀረት እንዴት ያለ ፍርድ ነው? ጐርፍ የእርሻውን ድንበር በደለል ቢሸፍነው ያየ ምስክር ይጠየቃል፤ ሁለቱ ወዳጆች ይዘውት የሞቱት ምስጢር ግን ምስክር የለውም።

ምስጢሩ ይጠበቃል ብሎ መተማመንም ከንቱ ነው። አባቶቻችን «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ያሉት በማኅበር ጠላ ላይ የስንቱን ጓዳ ሲገለጥ ስላዩ ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1884 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ፓንኮስት የተባሉ ሐኪም ለአንዲት ልጅ ላጣች ሴት፥ እርስዋ ሳታውቅ በማደንዘዣ አስተኝተው፥ ከተማሪዎቻቸው የአንዱን ዘር ሰጡአት። ባልዋ በኋላ ሲነገረው ለእርስዋ እንዳይነገራት ለመነ። ነገሩ ተቀብሮ የሚቀር ይመስል ነበረ፤ ነገር ግን ከ25 ዓመት በኋላ በ1909 በቦታው ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ዛሬ ደግሞ መጽሔትም አያስፈልግም፤ ጥቂት ምራቅ በዲ ኤን ኤ ምርመራ ታይቶ አባትና ልጅን ይለያል። ስዊድን ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ፥ እንግሊዝም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ ሰው ዘር የተወለደ ልጅ ሲያድግ የሰጪውን ማንነት እንዲያውቅ በሕግ የፈቀዱት፥ መሰወር ልጁን እንደሚጐዳ ስለ ተረዱት ነው።

አምስተኛ፥ ሕግ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ የእናቱ ባል ነው ይላል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 79 አውጥቶአል። እንግዲህ ባል «ርዳኝ» ብሎ ለምኖ ልጅ ከተወለደ በኋላ፥ ሲቈጣ «የእኔ አይደለም» እያለ እንደ ፈለገ የሚክደው አይደለም፤ ለመካድ በሕግ የተወሰነ ምክንያትና የተወሰነ ጊዜ አለ። የተለመነውም ሰው ኋላ ልቡ ቢናፍቅ ልጁን እንደ አባት ልውሰደው ሊል አይችልም። ባል የሌላትን ሴት የረዳ ግን ሌላ ነው፤ በመካከላቸው የተጻፈ ወረቀት የልጁን የቀለብና የአባትነት መብት ይቈርጣል ብሎ ቢተማመን ይሳሳታል። በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት አንድ ሰው ያለ ሐኪም ዘሩን ሰጥቶ መብቴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርምም፥ በ2006 ዓ.ም. ዳኛ የሕግ አባት ነህ ብሎ ፈረደበት፤ ነፃ የወጣው ብዙ ከተሟገተ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ከሁሉም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሁለት ወዳጆች በመንገድ ላይ የሚያደርጉት ቃል ኪዳን ይህን የልጁን መብት ሊሽር አይችልም።

ይህን ሁሉ ከመረመሩ በኋላ የእኛ አሳብ ግልጥ ነው። በስውር፥ ያለ ሐኪምና ያለ ሕግ የሚጠየቅ እንዲህ ያለ ርዳታ፥ ምንም ከፍቅር ቢነሣ፥ ሊሰጥ አይገባውም። በውጭ አገር ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቢለመኑም፥ ባልና ሚስቱ፥ የተለመነውና የቤቱ ሰው ሁሉ በነፃ ፈቃድ ከተስማሙ፥ ሐኪምና የሕግ ዐዋቂ መካከል ከገቡ፥ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እውነቱን እየሰማ እንዲያድግ ከወሰኑ ብቻ ይመልከቱት። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ እንቢ ማለት ወዳጅነት ነው።

ነገር ግን እንቢ ብሎ መንገድ መለወጥ የወዳጅ ሥራ አይደለም። «ወንድሜ፥ ይህን አላደርገውም፤ ነገር ግን ብቻህን አልተውህም» ይበለው። ሐኪም ቤት የሚሄድበትን ቀን አብሮት ይቍረጥ፤ ከብቱን ይጠብቅለት፤ ገንዘብ ቢያንሰው እንደ ዐቅሙ ያበድረው፤ በማኅበር ላይ ሚስቱን በስድብ የሚያነሣ ቢኖር ዝም ያሰኝለት። ይህ ሁሉ ልጅ እንዲገኝ መርዳት ነው።

ሕክምናው ባይሰምርም ቤቱ ባዶ ሆኖ ይቅር ማለት አይደለም። በአገራችን ሰው በጡት ላይ ማር አስነክቶ የሰው ልጅ የጡት ልጅ ሲያደርግ የኖረ ነው፤ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ወስዶ ማሳደግም በየቤቱ ያለ ነው። ዛሬ ደግሞ ጉዲፈቻ በሕግ ተደንግጎአል። ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ 25 ዓመት ሊሆነው ይገባል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለቱ አንዱ ይህን ዕድሜ ቢሞላ ይበቃል። ስምምነቱም በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። ከጸደቀ በኋላ ልጁ እንደ ተወለደ ልጅ ይቈጠራል፤ ሆኖም ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ስለዚህ ሰባቱ ቤት በትክክል ሊቈጠርለት ይችላል፤ በስውር የተወለደው ያጣውን፥ በግልጥ የተወሰደው አላጣውም ማለት ነው።

ያለ ልጅ የቀረ ሰውም ከንቱ ሆኖ አልቀረም። ከስሜን መሳፍንት ወገን የተወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1910 ዓ.ም. ያለ ልጅ ዐረፉ። አዲስ አበባ የሚለውን ስም ለከተማው የሰጡ፥ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመቱት እርሳቸው ናቸው። «በቅሎ» የሚል ስድብ ለሴት ልጅ የሚወረውር ሰው ይህን ያስብ።

እግዚአብሔር ፈቅዶ በዚያ ቤት ልጅ የገባ እንደ ሆነ፥ ከማኅፀን የወጣም ይሁን በጉዲፈቻ የመጣ፥ ያ የተለመነ ወዳጅ የክርስትና አባት ሆኖ ይቀበለው። ያን ጊዜ ሁለቱ ባልንጀሮች አበልጆች ይሆናሉ፤ ልጁም በሰው ሁሉ ፊት በግልጥ የሚጠራቸው ሁለት አባቶች ይኖሩታል።